የልጅ ጥርስ ላስነቅል ሄጄ

ጥርሳችሁ የሞላላችሁም፣ እንደኔ የጎደለባችሁም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የማጫውታችሁ አንዲት የበሰበሰች መንጋጋ ዕድሜ ልኬን ያከማቸሁትን ብልሃት ይዛብኝ እንዴት ከነሥሯ እንደወጣች ነው።

ያኔ እኔ ማለት ልጅ በማባበል ስሟ የተጠራ አያት ነበርኩ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንድ ቤት መክረም አይሆንልኝም። ራቤል ያለው ልጄ ዘንድ ብርዱ እስኪያባርረኝ እቆያለሁ። ከዚያ ዘመሮ፣ እህቴ ዘንድ። እህቴ ደግሞ ጠዋት የጀመረችውን ወሬ ማታም ካልጨረሰች ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ወደ መርሐቤቴ እወርዳለሁ፣ የመጨረሻ ልጄ የሺ ቤት። ዘንቢሌ ውስጥ ጋቢዬ፣ ጥቂት የገብስ ቆሎና አንድ ቋጠሮ ቅርንፉድ አይጠፋም። ቅርንፉዱ ለመንጋጋዬ ነው። በታመመችብኝ ቁጥር አንዲት ፍሬ አጎርሳታለሁ፤ እሷም ትተኛለች። እንዲህ ተቻችለን ብዙ ዘመን ኖርን።

ታዲያ በየሄድኩበት የሚያለቅስ ልጅ ወደኔ ነው የሚመጣው። ብልሃቴ ሁለት ነበር። ልጁ ቤት ውስጥ ሲያስቸግር፣ «ዝም በል፣ ሐኪም ጠርቼ በመርፌ አስወጋሃለሁ!» እለዋለሁ። ያው ልጅ ታሞ ሐኪም ቤት ደጃፍ ስንደርስ ደግሞ፣ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ሐኪም ምንም አያደርግም» እለዋለሁ። ሁለቱ እንዴት በአንድ አፍ ይነገራሉ ብሎ የጠየቀኝ ትልቅ ሰው አልነበረም። ትንንሾቹ ሳይጠይቁ አልቀሩም፣ ግን ልጆችን ማን ይሰማል!

የዚያን ጊዜ የሺ ቤት ስደርስ የልጄ ልጅ ውቢት ጉንጯን በነጠላ ጠቅልላ አገኘኋት። ስድስት ዓመቷ ነው። ነጠላውን ገለጥ ባደርገው ግራ ጉንጯ ድንች የደበቀችበት መስሏል።

«ይሄ እንኳ ጎድሎ ነው እማማ» አለኝ ጌታነህ፣ የየሺ ባል። «ሰሞኑን ዓይኗ ሁሉ ተከድኖ ነበር። ዓለም ከተማ ወስደናት መድኃኒት ሰጧት። የወተት መንጋጋዋ ሥሩ መግል ይዟል አሉ። መድኃኒቱ ያስታግሰዋል እንጂ አያድነውም፣ መነቀል አለበት አሉን።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ወስደናት ነበር። አፏን ዘግታ መለሰችን።»

የሺ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነገ ነው ቀጠሯችን እማ። ዶክተሯ ተቆጥታለች። ካልወጣ ተመልሶ ያብጣል፣ ወደ አንገት ከወረደ ትንፋሽ ይዘጋል አለችን። ነገም አልከፍትም ካለች አዲስ አበባ ወስዶ በማደንዘዣ አስተኝቶ ማውጣት ነው። እስከዚያ ደግሞ ቢያብጥስ? እህል ከቀመሰች ሰነበተች፣ አጥሚት ብቻ ነው።»

ልጅቷን አየኋት። አንገቷ የወፍ አንገት አክሏል። «ይሄን ለኔ ተዉት» አልኩ። በዚያ ቤት ያኔ ከኔ የበለጠ በራሷ የተማመነች ሴት አልነበረችም።

አመሻሹ ላይ ጠያቂው መጣ። በኛ አገር የታመመ ሰው ሳይጠየቅ ከዳነ ነገሩ እንደ ነውር ነው። ጠያቂም ባዶ እጁን ሊመጣ ይችል ይሆናል፣ ባዶ አፉን ግን አይመጣም።

ቀዳሚው ጎረቤታችን ጋሽ ተክሌ ነበር። ገና ሳይቀመጥ፣ «ጥርስ ነው አሉ!» አለ ደስ ብሎት። «ኧረ እኔን ያየ! የኔን ያወጣው ቀጥቃጭ ነው፣ በብረት ጉጠት! ሁለት ጎረምሳ ክንዴን ያዘኝ፣ እሱ ጉልበቱን ደረቴ ላይ ተክሎ ጎተተ። ሥሩ ውስጥ ቀረና እንደገና ተመለሰበት!» ከዚያ ወደ ውቢት ዞሮ በፍቅር ፈገግ አለ። «አንቺ ግን አይዞሽ የኔ ልጅ። ያንቺ ጉጠት ዘመናዊ ነው፣ ያብረቀርቃል።»

ሁለተኛዋ እትዬ ዘነበች ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ሰው ማጽናናት ይችሉበታል። «የባሌ እህት ደሙ አልቆም ብሏት ለጥቂት ነው የተረፈችው» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ያውም የተነቀለው ጤነኛው ነበር። ኋላ የታመመውን ሊነቅሉ ሲጠሯት ማን ይሂድላቸው!» ብለው የውቢትን ግንባር ሳሟት። «እግዜር ይማርሽ፣ እናቴ።»

አባ ኃይሌ ጠበል ይዘው መጡ። ረጩ፣ ባረኩ፤ በዚያው ቢሄዱ መልካም ነበር። ግን ተቀመጡና የጥርስ ነገር ከተነሳ ብለው የገሃነሙን ጥርስ ማፋጨት አስከትለው አስተማሩን። ለስድስት ዓመት ልጅ የተመረጠ ማጽናኛ ነው! ለነገሩ ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ቢያንስ በዚያ በኩል ስጋት የለበትም ብዬ በልቤ ተጽናናሁ።

ውቢት መደቡ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። አንድ ጠያቂ በወጣ ቁጥር ነጠላውን አፏ ላይ አንድ ዙር ትጠመጥመዋለች። አባ ሲወጡ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነበር።

ያኔ ተራዬ ደረሰ። ሁሉም የበተነውን እኔ ልሰበስብ ተነሳሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ «ውቢትዬ» አልኩ ማር በሆነ ድምፅ፣ «ነገ እኮ የምንሄደው ከረሜላ ልንገዛ ነው።»

ዓይኗ ዓይኔ ላይ ቆየ። ከነጠላው ውስጥ፣ «ቅድም ‹ጥርስሽን ያበላሸው ከረሜላ ነው› አላልሽኝም እምዬ?» አለችኝ።

ጌታነህ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔም ቆሎዬን ፍለጋ ዘንቢሌ ውስጥ ገባሁ።

በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ያዝን። ጌታነህ፣ የሺ፣ እኔ፣ ውቢት ከነነጠላዋ። ጋሽ ተክሌም አለ። ማን ጠራው እንዳትሉኝ፣ «ለመያዝ ሰው ያስፈልጋችኋል» ብሎ ራሱ ነው የመጣው። መንገዱ እንደምታውቁት ኮረኮንች ነው፤ ጥርሱ ላይ ላዩን የያዘ ሰው ሐኪም ሳያስፈልገው ዓለም ከተማ ይደርሳል። ውቢት ግን አፏን ገጥማ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ደረሰች።

የጥርስ ክፍሉ ጠባብ ነው። መሐሉ ላይ ያ ወንበር አለ፣ በላዩ መብራት ተንጠልጥሎበታል። ዶክተሯ ከየሺ የምታንስ ልጅ ናት፤ ወገቧ ላይ እጇን አድርጋ የሰልፉን ርዝመት አየችው።

«የምትነቀለው ማናት?»

ሁላችንም ወደ ውቢት ጠቆምን። ከዚያ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ሥራ ጀመርን።

«ውቢት! ክፈቺ ብያለሁ!» አለ ጌታነህ። «የኔ ቆንጆ፣ በእናትሽ ሞት!» አለች የሺ ዕንባዋ ቀድሞ። «ልያዛት?» አለ ጋሽ ተክሌ እጅጌውን እየሰበሰበ።

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት ሰው አይያዝም» አለች ዶክተሯ። ጋሽ ተክሌን በትሕትና በሩን አሳየችው። ጌታነህንም አስከተለችው። እሷ ዝቅ ያለች በርጩማ ስባ ከውቢት ፊት ተቀመጠችና ትንሿን መስተዋት ሰጠቻት። «አፍሽን እንድትከፍቺ አልጠይቅሽም። ይቺን ያዢልኝ ብቻ።»

ውቢት ተቀበለች። መስተዋቷን አገላብጣ አየችና ከነጠላው ውስጥ፣ «ያማል?» አለች።

«አያምም!» አልን እኔና የሺ፣ በሩ ውጪ ደግሞ ጌታነህና ጋሽ ተክሌ። አራት ሰው በአንድ ቃል! ማኅሌት የሚቆሙት ካህናት እንኳ እንዲህ አይገጥሙም። ዶክተሯ የጀመረችውን መልስ ዋጠች።

እኔ ግን መች ይበቃኛል። «ይሄማ ምን አለበት» ብዬ ጨመርኩ። «እኔ ብሆን እየሳቅሁ ነው የምከፍተው።»

ውቢት ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። «እሺ» አለች። «አንቺ መጀመሪያ።»

ምን ትላላችሁ? ዶክተሯን አየኋት። ዓይኗ ሳቅ አለው። «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እማማ ይምጡ፣ በመስተዋት ብቻ አይቼ ለውቢት አሳያታለሁ» አለች።

ማየት ብቻ ከሆነ ብዬ ጋቢዬን ለየሺ ሰጥቼ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ያ ወንበር ሲያዩት ወንበር ነው። ሲቀመጡበት እግር ያነሳና አልጋ ይሆናል፤ ሰውም ሳይታመም የታመመ ይመስላል። አፌን ከፈትኩ። መብራቱ ገባ፣ መስተዋቷ ገባች፣ ዶክተሯ ዝም አለች። የሐኪም ዝምታ መልካም ወሬ ይዞ አያውቅም።

«እማማ፣ ይቺን መንጋጋ ምን ሲያደርጓት ኖረው ነው?»

«ቅርንፉድ ሳጎርሳት።»

«በስብሳለች። ድድዎም በሥሯ በኩል አብጧል። እርስዎም መነቀል አለብዎት።»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አልኩ እየተነሳሁ። «በሌላ ቀን እመጣለሁ።»

አንድ እግሬን ወለሉ ላይ ሳሳርፍ ውቢትን አየኋት። ቆማ እያየችኝ ነው። አልሳቀችብኝም፣ አልተገረመችም። የሚያውቁትን ነገር ዳግመኛ እንዳየ ሰው ነው ያየችኝ። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አንስታ አንድ ዙር ጠመጠመች።

ያቺ አንድ ዙር ገደለችኝ። ከዚህ ወንበር ከወረድኩ ይህ አፍ አይከፈትም። የሚቀጥለው እብጠት ወይ አዲስ አበባ ላይ ይደርስብናል፣ ወይ መንገድ ላይ። አሁን ሁሉም ነገር በኔ በአሮጊቷ ቂጥ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ይቀመጥ እንደሆን ወይ ይነሳ እንደሆን። እኔ ልጆች ወልጃለሁ፣ ጀማ ወንዝን ከነሙላቱ ተሻግሬዋለሁ፤ እንደዚያች ሰዓት ያለ ፍርሃት ግን አላውቅም። ጋሽ ተክሌ ያወራው ጉጠት ሲያብረቀርቅ ታየኝ። ለካ ማታ ሲያወራ ስሰማ ኖሬያለሁ!

እግሬን መልሼ ሰቀልኩ። «እሺ፣ ንቀይ» አልኩ።

ዶክተሯ አልቸኮለችም። ግፊቴን ለካች፣ ስኳር እንዳለብኝ ጠየቀች፣ የምወስደውን መድኃኒት ጠየቀች። እንድትተወኝ ብዬ አለብኝ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ቀጥላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እማማ፣ ካመመዎት እጅዎን ያንሱ። ወዲያው አቆማለሁ» አለች። «ውቢት፣ አንቺ እጃቸውን ጠብቂልኝ። ሲያነሱ ‹ቁሚ› በይኝ።»

ውቢት ከወንበሩ ጎን ቆመች፣ እንደ ዘብ።

ዶክተሯ ገና ጓንቷን ስታጠልቅ እጄን አነሳሁ።

«ቁሚ!» ብላ ጮኸች ውቢት። ነጠላው ወደ አገጯ ወረደ። ያን ቀን አፏን በሰፊው ስትከፍት ያየናት ያኔ ነው።

ዶክተሯ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሁለት እጇ አየር ላይ። ውቢት አየቻት፣ ቀጥላ እጄን አየች፣ ከዚያ እንደገና ዶክተሯን አየች። ትልቅ ሰው በልጅ ቃል ሲቆም ከዚያ በፊት ያየች አይመስለኝም።

መርፌው ገባ። እናንተዬ፣ አሁን ምን እደብቃችኋለሁ፣ ዕንባዬ በጆሮ ግንዴ በኩል ወረደ።

«እምዬ፣ አመመሽ?» አለች ውቢት።

የሺ ከኋላዋ ራሷን ትነቀንቅልኛለች፦ አላመመኝም በይ! ጌታነህ በሩን ከፈት አድርጎ በእጁ ምልክት ያደርጋል፦ አላመመኝም በይ! የዕድሜ ልክ ጥበቤም ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ቆሟል። ግን ዕንባዬ ጆሮዬ ውስጥ እየገባ «አላመመኝም» ብል ልጅቷ የምታምነው ምኔን ነው?

«አዎ» አልኩ። «አመመኝ። እንደ ሳማ ለበለበኝ።»

«እማ!» አለች የሺ እንደተሰረቀች ሁሉ።

ውቢት ግን ጠጋ አለች። ሳማን ታውቀዋለች፤ ከበረቱ ጀርባ ሞልቷል፣ ስንቴ ለብልቧታል። «አሁንስ?»

«ቆይ እስቲ።» ጠበቅን። «አሁን እየጠፋ ነው። ከንፈሬ የሰው ከንፈር መሰለኝ።»

«ከዚያስ?»

«እኔም አላውቅም። እሷን እንጠይቃት።»

ዶክተሯም ሳትሸፍን ነገረችን። ትገፋለች፣ ታወዛውዛለች። መገፋቱ ይሰማል፣ ሕመሙ አይሰማም። ቀጭ የሚል ድምፅ ይኖራል። ቢያም እጅ ይነሳል፣ እሷም ትቆማለች። እንዳለችውም ሆነ። ገፋች፣ አወዛወዘች፣ ቀጭ አለ። እኔም በየመሐሉ እጄን ሳነሳ ውቢት «ቁሚ!» ስትል፣ ዶክተሯ ስትቆም፣ ከመነቀሉ መቆሙ በዛ። መጨረሻ ላይ ያቺ መንጋጋ ሰሃኗ ላይ ተቀመጠች፤ ጥቁር፣ ጠማማ፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የምትሸት።

ውቢት ጎንበስ ብላ አየቻት። «ይቺን ነው ስትቀልቢ የኖርሽው?»

ጥጥ ነክሼ ስለነበር ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

ልጅቷ ነጠላውን ዙር በዙር ፈታችው፤ እያንዳንዱን ጠያቂ አንድ በአንድ ከቤት የምታስወጣ ነበር የምትመስለው። አጣጥፋ ሰጠችኝና፣ «እኔንም እንደ ሳማ ነው?» አለችኝ።

ጥጤን በጥርሴ እንደያዝኩ፣ «እንደ ሳማ» አልኳት።

«ከዚያ ይጠፋል?»

«ይጠፋል።»

ራሷ ወንበሩ ላይ ወጣች። ማንም አላነሳትም። መርፌው ሲገባ አለቀሰች፤ ሳማ ነዋ፣ ምን ትሁን! እጇን አነሳች፣ እኔ «ቁሚ» አልኩ፣ ዶክተሯ ቆመች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ አነሳች፤ ያኛው ግን እውነት ትቆም እንደሆነ ለመፈተን ነበር። ቆመችላት። ከዚያ ወዲያ እጇ ጭኗ ላይ አረፈ፤ እስኪያልቅም አልተነሳም።

ስንወጣ ጋሽ ተክሌ በር ላይ ተገትሮ ይጠብቃል። «አለቀ? ሳትያዝ?» አለ። እንዲህ ያዘነ ሰው አላየሁም። ሚኒባሱ ውስጥ እኔና ውቢት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሁለታችንም ጥጥ ነክሰን፣ አንዲት ቃል ሳንናገር ተመለስን። የሺ ስለልጇ እግዜርን ስታመሰግን መንገዱ አለቀ፤ ለእናቷ ዝምታም ለብቻው ሳታመሰግን አልቀረችም።

ቤት ስንደርስ ውቢት እንደ ልማዱ ጥርሷን ቆርቆሮው ላይ ወርውራ አሞራዋን አዲስ እንድታመጣላት ለመነች። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። «ያንቺንም አምጪ።» የኔንም ወረወረችው። የኔዋ ቆርቆሮውን ስትመታ ድንጋይ ነበር የምትመስለው።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ከዚያ ወዲህ እኔ ሌላ ሰው ነኝ። መዞሬን አልተውኩም፣ ራቤልም ዘመሮም እሄዳለሁ። ግን ልጅን በሐኪም አላስፈራራም፣ ሐኪም ቤት በር ላይም አልዋሽም። የሚያም ከሆነ ያማል እላለሁ፤ ምን ያህል እንደሚያም በሚያውቁት ነገር እነግራቸዋለሁ፤ መቼ እንደሚያልፍም እነግራቸዋለሁ፤ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። እጃቸውን ሲያነሱ የሚቆም ሰው እንዲኖርም እለምናለሁ። ይኸው ነው። ውጤቱን ልንገራችሁ? በየመንደሩ ስሜ ጠፋ። ልጆቻቸውን ጠዋት ማታ «በመርፌ ትወጊያለሽ፣ ምላስሽ ይቆረጣል፣ ለጅብ ነው የምሰጥሽ» የሚሉ እናቶች እኔ ስመጣ፣ «ያቺ ልጆችን የምታስፈራራ አሮጊት መጣች» ይላሉ አሉ። እውነት እንዲህ የሚያስፈራ መሆኑን እኔስ መች አውቄ!

እናንተም ልጅ ታሞባችሁ ጠያቂ ሲመጣባችሁ፣ በሩ ላይ ቆማችሁ ይህን ብቻ ለምኑልኝ፦ እባካችሁ እንቁላል ይዛችሁ ግቡ፣ ጥርሳችሁን ግን ውጪ ተዉት።

በቅርቡ ደግሞ የሺ ቤት ወርጄ ነበር። ውቢት ጉንጯ ሞልቷል፣ ቂጣ ትገምጣለች። ገና ዘንቢሌን ሳላስቀምጥ አፌን አስከፍታ አየችኝ።

«እምዬ፣ አሞራዋ የኔንም ያንቺንም አላመጣችም።»

«ታመጣለች፣ ታመጣለች፤ ነገ!» አለ ጌታነህ ከወዲያ። የሺም ዓይኗን ጠቀሰችልኝ። እነሱ ምንም አልተማሩም።

«ያንቺ ይበቅላል» አልኳት። «ግን ይቆያል፤ ትልቅ ልጅ እስክትሆኚ መጠበቅ ነው። የኔ ግን አይበቅልም።»

«መቼም?»

«መቼም።»

የሺ ልጅቷ ልታለቅስ ነው ብላ ተነሳች። ውቢት ግን ጥቂት አሰበችና እጇን ዘንቢሌ ውስጥ ከተተች።

«እንግዲያውስ» አለች፣ «ቆሎሽን ለኔ ስጪኝ።»